የማይገጥም ክዳን

ክረምት በገባ ቁጥር የዚህ ሳጥን ክዳን አልገጥም ይላል። አሶሳ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮውን በደበደበ ማግስት እንጨቱ እርጥበቱን ጠጥቶ ያብጣል፤ በቀኝ በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል፤ በዚያም የጥላሸትና የግራር ሙጫ ሽታ ይወጣል። ትናንት በስልክ፣ «አክስቴ፣ ሳጥኑን ለልደትሽ አሳድሼ ልስጥሽ፤ አዲስ አበባ ጎበዝ ባለሙያ አግኝቻለሁ፤ አጥቦ፣ ቀብቶ እንደ አዲስ ያደርገዋል» ያልሽኝ ጊዜ ዓይኔ ከዚያ ክፍተት ላይ አልተነሣም ነበር። ዝም ያልኩት ተደስቼ መስሎሽ ይሆናል። አይደለም፤ ተናድጄ ነው። ነገር ግን የወንድሜ ልጅ ነሽና፣ ደግሞም ማንም የነገረሽ የለምና፣ ንዴቴን ወደ ጎን ትቼ ታሪኩን ላጫውትሽ።

ሳጥኑ የቅድመ አያቴ ነበር። በሺህ ዘጠኝ መቶ ዓመተ ምሕረት ገደማ፣ የወርቅ ነጋዴዎች በግመልና በአህያ ወደ ሱዳን በሚመላለሱበት ዘመን፣ የአንድ ሼህ ጸሐፊ ሳለ የተሰጠው ነው ይባላል። ጥቁር፣ ጠንካራ እንጨት ነው፤ ክዳኑ በቀጭን ናስ ያጌጠ፣ ውስጡ ለሸምበቆ ብዕሮች ቦይ፣ ለቀለሙም የናስ ጎድጓዳ የተበጀለት። ከእሱ ወደ አያቴ ተላለፈ። አያቴ ቁርአን አስተማሪ ነበሩ። ከሆሞሻና ከሸርቆሌ ሳይቀር ሕመምተኛ ሲመጣባቸው፣ ሎህ በምንለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ አንቀጽ ይጽፋሉ፤ ጽሑፉን በንጹሕ ውሃ ያጥባሉ፤ ጥቁሩን ውሃ ሕመምተኛው ይጠጣል። ያደግሁት ይህን እያየሁ ነው።

ልጃቸው፣ ማለትም አባቴ፣ በታመመ ጊዜም ጻፉለት። አባቴ ጠጣ፤ ሳይውል ሳያድርም ሞተ። አያቴ ከቀብር ሲመለሱ ሎሁን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አቆሙት፤ ሳጥኑን ለአክስቴ ሰጡ። ከዚያ በኋላ ደጃቸውን ለሚያንኳኳ ሁሉ መልሳቸው አንድ ሆነ፦ «እጄ ባዶ ነው። ሌላ ሰው ፈልጉ።»

ዩኒቨርሲቲ መግባቴ በተረጋገጠበት ክረምት አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ሳጥኑን አሳድሼ፣ ከመሄዴ በፊት ለአያቴ በስጦታ ልሰጣቸው። አባትሽ ቀድሞ ከቤት ወጥቶ ነበርና፣ እኔ ስሄድ እሳቸውና ያ ፊቱን ያዞረ ሎህ ብቻቸውን ሊቀሩ ነበር። ሳጥኑን እንደ ቀድሞው ሆኖ ቢያዩት እንደገና ይጽፉ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ሁሉንም ነገር አስቤበት ነበር፤ የምጠቀልልበትን ነጭ ጨርቅ፣ ሳስረክባቸው የምናገረውን ንግግር ጭምር። ያላሰብኩት ሰዎቹን ነው።

የመጀመሪያዋ አክስቴ ናት፤ ጎረቤታችን የምትኖር የአባቴ እኅት። ሳጥኑ ውስጥ የደረቀ ባሚያ ታስቀምጥበት ነበር።

«ታዲያ ምን ሆነ? ባሚያ አያፈስ!» አለችኝ።

«ማጠፊያው ተነቅሏል፤ ክዳኑ ተሰንጥቋል።»

«ባሚያዬ ቅሬታ የለውም።»

ክዳን ያለው የዘይት ቆርቆሮ እስካመጣላት ድረስ አልለቀቀችውም። ስትለቀውም ባሚያውን ገልብጣ ውስጡን በእርጥብ ጨርቅ ልትወለውል ስትል ከእጇ ነጠቅኋት።

ቀጥሎ አናጢው መጣ። ከወሎ በሰፈራ የመጣ፣ ገበያው ዳር አልጋና በር የሚሠራ፣ ሳቁ ከመዶሻው በላይ የሚሰማ ሰው ነበር። ሁልጊዜ፣ «ነገ፣ እታለም! ኢንሻአላህ ነገ!» ይለኛል። ነገው አልመጣ ሲል ሥራው ቦታ ተቀምጬ መዋል ጀመርኩ። ይህንን ስላደረግሁ አላህን አመሰግናለሁ፤ አለዚያ የክዳኑን ጌጥ በመላጊያ ጠርጎ ልሙጥ ሳንቃ ያደርገው ነበር።

«አይነካም አልኩህ እኮ!»

«እንዴ! እንዲህ እንደ ፈንጣጣ ጎርብጦ ልትሰጫቸው ነው?»

አንድ ቀን አክስቴ መዘግየታችን አናዷት መጣች። ከእኛ ጋር በቋንቋችን ነው የምታወራው፤ አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም አንቺ ትላለች። «አንቺ ሰውዬ፣ ሳጥን ለምን አላለቀም? እንቅልፍ ነው ሥራሽ?»

«አንቺ ካሉኝማ» አለ አናጢው መዶሻውን እያስቀመጠ፣ «ገንፎ ላገንፋ እንጂ እዚህ ምን እሠራለሁ!»

ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የሳቁበት ቀን እንዲሁ አለፈ። በማግስቱ ብመለስ ማጠፊያው ተገጥሟል፤ ስንጥቁ በኮላ ተጣብቋል፤ በመካከሉ ግን አብረቅራቂ የጓጉንቸር ማንጠልጠያ ተመትቶበታል። «ቁልፍ የሌለው ሳጥን ምኑ ሳጥን ነው?» አለኝ፣ ምርቃት እንደ ሰጠ ሰው ደረቱን ነፍቶ። አስነቀልኩት። ሁለቱ የሚስማር ቀዳዳዎች አሁንም አሉ፤ ባየኋቸው ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ።

የቀረኝ የናሱን ጎድጓዳ ማጽዳት ነበር። ለብዙ ዘመን የተጠራቀመ ቀለም ውስጡ እንደ ድንጋይ ደርቋል። አያቴ ለቀትር ሶላት መስጊድ እንደሄዱ ሳጥኑን ጓሮ አወጣሁ፤ ለብ ያለ ውሃ በጥቂቱ እያንጠባጠብኩ በጥጥ ማሸት ጀመርኩ። ቀለሙ ተፈታ። ጥቁሩን ውሃ በጣሳ አጠራቅሜ ልደፋው ስል፣ ምሳ ልትሠራ የመጣችው አክስቴ ከማድቤታችን ጮኸች።

«አትድፊው! የቅድመ አያትሽ ቀለም ነው! ስንት አንቀጽ የተጻፈበት!»

ጣሳውን ቀማችኝ። ድምጿ አጥሩን አልፎ ነበርና ጎረቤቶች ኩባያ ኩባያቸውን ይዘው ገቡ። አንዷ ለጉልበቷ፣ አንዷ ለልጇ ሳል፣ አንዷ ደግሞ ወተት ለነጠፈባት ላም። ጣሳው ባዶ ሲሆን ሌላ ውሃ አመጡ፤ እንደ እኔ ማንጠባጠብ ትዕግሥት ስላልነበራቸው ቀጥታ ሳጥኑ ውስጥ ገለበጡት።

«የናስ ዝገት ነው! ሆዳችሁን ያማችኋል!» እያልኩ ጮኽኩ።

«ጨምሪ፣ ጨምሪ» አለች ባለ ላሟ ለአክስቴ፤ «ይቺን ተያት፤ ገና ሳትማር ተማረች።»

ሳጥኑን አቅፌ ልወስድ ብሞክር በወዲያ በኩል ያዙት። ኮላው ለቀቀ፤ አናጢው ያጣበቀው ስንጥቅ እንደገና አፉን ከፈተ፤ ክዳኑ ውሃ ጠጥቶ ማበጥ ጀመረ። ክረምቱን ሙሉ የደከምኩበት ነገር ዓይኔ እያየ ወደ ማጠቢያ ሳፋነት ተለወጠ።

አያቴ የገቡት በዚህ መሀል ነው። ሳጥኑን አዩ፤ ኩባያዎቹን አዩ።

«ምን እየጠጣችሁ ነው?»

አክስቴ ጣሳውን ከጀርባዋ ደበቀች። የአያቴ ድምፅ በንዴት ከፍ አለ፦ «የሞተ ሰው ቀለም! ባሚያ የተቀመጠበት! አላህን አትፈሩም?»

ያኔ አንዲት የእሳቸው እኩያ የሆነች አሮጊት፣ ለልጅ ልጇ የያዘችውን ኩባያ ሳታስቀምጥ፣ «አንተ ስትነፍገን ከአባትህ ብንቀበል ምን ይደንቅሃል?» አለቻቸው።

«እጄ ባዶ ነው ብያለሁ።»

«ልጅ የሞተው ላንተ ብቻ ነው? እኔም ቀብሬያለሁ። ወፍጮዬን ግን አልጣልኩም፤ እያለቀስኩ ፈጭቻለሁ።»

አያቴ የተናገሩት ለእሷ ሳይሆን ለእኔ ነው፦ «ለአዲስ ቀለም ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፋቂ። ሙጫም ፈልጊ። እነዚህ ሴቶች መርዝ ጠጥተው አላህ ዘንድ ሳያስጠይቁኝ።»

ሎሁን ራሳቸው አመጡት። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ ያበጠውን ሳጥን አጠገባቸው ስበው፣ በአባታቸው ጎድጓዳ ቀለም በጠበጡ። እስኪመሽ ጻፉ፤ አጠቡ፤ እንደገና ጻፉ። ሳጥኑን ማን እንዳሳደሰው፣ ለምን ጓሮ እንደ ተገኘ የጠየቀኝ ሰው የለም። ነጩን ጨርቄን አክስቴ ሎሁን ማድረቂያ አደረገችው። ንግግሬም አፌ ውስጥ ቀረ። ስጦታ እንደ ነበረ ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

የመሄጃዬ ጠዋት አያቴ ኩባያ ይዘው ደጃፉ ላይ ጠበቁኝ። ውሃው እንደ ቡና አተላ ጠቁሯል።

«ለአባትሽም ይህንኑ ነበር የጻፍኩት» አሉ። «ጠጪ።»

ልከራከራቸው ነበር፤ የሳይንስ መምህራችን ስለ ንጹሕ ውሃ ያስተማሩን ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር። ነገር ግን ኩባያውን የያዘው እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ጨለጥኩት። መራራ፣ የተቃጠለ ነገር ጣዕም ነበረው። እስከ ባምባሲ ድረስ ጥርሴ እንደ ጠቆረ ሄድኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ አዝነው ውሃ ሰጡኝ።

በየዕረፍቱ ስመለስ አያቴ አውቶቡስ ተራ ቀድመው ይደርሱ ነበር። ሰላምታ የለም፤ የእጄን አንጓ ይይዙና «መጣሽ» ይላሉ፤ ጥያቄ አልነበረም። ከዚያ «ከስተሻል» ብለው ይቆጣሉ። በማግስቱ ለሰው ሲጽፉ እጃቸው አይንቀጠቀጥም ነበር።

በመጨረሻው ጊዜ አውቶቡስ ተራ የጠበቀኝ አልነበረም። ከቀብራቸው በኋላ ደርሼ ቤት ስገባ ሳጥኑን ምንጣፉ ላይ ክፍት ሆኖ አገኘሁት፤ በጎድጓዳው ውስጥ የበጠበጡት ቀለም ደርቆ የሸምበቆ ብዕራቸውን ጋደም እንዳለ ይዞት ነበር። ዛሬም እንደ ተያዘ ነው። ነገር ሁሉ በሥርዓት ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሴት መሆኔን ታውቂያለሽ፤ ያንን ጎድጓዳ ግን በጥጥ ነክቼው አላውቅም።

ያንቺ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያጥበው እሱን ነው። ስለዚህ ተዪው። ክዳኑም ለማንም አያስቸግርም፤ በጥር ደረቁ ነፋስ ሲነፍስ በራሱ ጊዜ ይገጥማል። ስጦታ መስጠት ካማረሽ በጥር ነዪ። አውቶቡስ ተራ እጠብቅሻለሁ፤ እጅሽን ይዤ «መጣሽ» እልሻለሁ፤ ከዚያም መክሳትሽን እቆጣለሁ።