በየሳምንቱ የሚላላው ዳዶ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ሰፈራችን ሁሉ ተቆፍሮ ኮንዶሚኒየም በሚነሳበት፣ ከሳሊተ ምሕረት ጉርድ ሾላ ለመድረስ የታክሲ ሰልፍ ግማሽ ቀን በሚበላበት ዘመን ነው። ዓመታት ቢያልፉም ሞተሬን በነካሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። መሳቅ ይሁን መናደድ ያለብኝ ግን ዛሬም አልለየልኝም።

ሞተሯ የአባቴ ነበረች። መሥሪያ ቤታቸው አሮጌ ንብረት በጨረታ ሲያስወግድ የገዟት፣ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ ሞተር ሳይክል ናት። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ ላስቲክ ለብሳ ቆማለች። ሰልፉ ሲያንገሸግሸኝ ልውሰዳት ብዬ ለመንኳቸው። ቁልፉን ሰጡኝና ቀስ ብለህ ንዳ አሉኝ።

ቦሌ ሚካኤል አንድ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። የፊቱን ጎማ አውርዶ የፍሬኑን ሸራ ሲያይ ተገረመ። ሸራው በዕድሜ ብዛት ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ መበላት ግን ጨርሶ አልተበላም። አዲስ ሸራ ገጠመ፣ የፍሬኑን ገመድ ቀየረ፣ እኔንም አስተማረኝ። ጎማውን በእጅህ እያሽከረከርክ ገመዱ ጫፍ ላይ ያለውን ዳዶ ታጠብቃለህ። ሸራው መንካት ሲጀምር ግማሽ ዙር ትመልሳለህ። በቃ፣ ይሄው ነው።

ቅዳሜ አስተካክዬ ሰኞ ጠዋት ስወጣ የፊቱ ፍሬን እጀታ እስከ መሪው ድረስ ገባ። ምንም አይይዝም። ገመዱ አዲስ ስለሆነ ተለጥጦ ይሆናል ብዬ አጠበቅኩት። በሳምንቱም ያው፣ በሦስተኛውም ያው። እኔ ደግሞ ቶሎ ነው የምግለው፤ መካኒኩ ጋ ሄጄ ሰው ፊት ጮኽኩበት። እሱ ዳዶውን አየት አደረገና፣ “ወንድሜ፣ ይሄ ሰው ካልነካው በራሱ ሦስት ዙር አይመለስም” አለኝ።

ማን ይነካዋል? ግቢው ውስጥ ያለነው እኔ፣ ባለቤቴና አባቴ ነን። ባለቤቴ ሞተሯ አጠገብ አትደርስም። አባባ ደግሞ ሞተሯን ከእኔ እኩል ነው የሚሳሱላት፤ እሳቸውን መጠርጠር በሐሳቤም አልመጣ። ባለቤቴ ጠበል ይረጭባት ብትል አባባ ደስ ብሏቸው ራሳቸው ረጩ። ፍሬኑ ግን ከጠበሉም በኋላ ላላ።

በመጨረሻ የባለቤቴን ቀይ የጥፍር ቀለም ወስጄ ከዳዶው እስከ ብረቱ ቀጭን መስመር አሰመርኩ። ዳዶው ንቅንቅ ቢል መስመሩ ይዛነፋል፣ ሌባው ይያዛል ብዬ ነው። ሰኞ ጠዋት ጎንበስ ብዬ አየሁ። ልክ እንዳሰመርኩት ገጥሟል። ተመስገን ብዬ እጀታውን እንኳ ሳልሞክር ወጣሁ።

ቁልቁለቱን ስወርድ ጠጠር የጫነ ገልባጭ መኪና ከአንድ የግንባታ ግቢ ወደ ኋላ እየሄደ ወጣብኝ። የፊቱን ፍሬን ጨመቅኩ፤ ባዶ ነው። የኋላውን ብረግጥ ሞተሯ ተንሸራታ መንገድ ዳር የተከመረ አሸዋ ላይ ጣለችኝ። አሸዋው ባይኖር ኖሮ የመኪናው ጎማ ሥር ነበርኩ። ጉልበቴ ተልጦ፣ ሞተሯን እየገፋሁ ቤት ተመለስኩና አጠገቧ ቁጭ አልኩ። መስመሩ ገጥሟል፣ ፍሬኑ ላልቷል። አበድኩ እንዴ አልኩ።

አባባ ወጥተው ሱሪዬ ላይ ያለውን ደም ሲያዩ ፊታቸው ልውጥ አለ።

“የፊቱን ያዝከው?” አሉኝ።

“ያዝኩት። ግን የለም፤ ላልቷል።”

አጠገቤ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። “እኔ ነኝ ያላላሁት” አሉ።

ገና ወጣት ሳሉ አንድ የሥራ ባልደረባቸው ጠጠር መንገድ ላይ የፊቱን ፍሬን ድንገት ሲይዝ ሞተሩ በላዩ ተገለበጠና ዓይናቸው እያየ ሞተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፊቱን አላልተው በኋላው ብቻ ሲነዱ ኖረዋል። የእኔንም በየሳምንቱ እሑድ፣ እኛ ሳንነሳ፣ ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ ያላሉት ነበር። ብነግርህ አትሰማኝም ብዬ ነው አሉ። እውነታቸውን ነው፣ አልሰማም ነበር። ቀዩን መስመር ደግሞ መካኒኩ ያደረገው ምልክት መስሏቸው፣ እንዳይዛነፍ ተጠንቅቀው ዳዶውን ሙሉ ሙሉ ዙር እያዞሩ ነው የመለሱት።

እንዳልቆጣ አባቴ ናቸው፤ እንዳላመሰግን ሊያስገድሉኝ ነበር። የፊቱ ፍሬን ሰው የሚገለብጠው ድንገት ሲጨመቅ መሆኑን፣ ቀስ ተብሎ ከኋላው ጋር ሲያዝ ግን እንደሚያድን እያነከስኩ አስረዳሁ። ከዚያ መፍቻውን አምጥተው በገዛ እጃቸው ሦስት ዙር አጠበቁት፣ እስከ መስመሩ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሳልወጣ ይመጡና እጀታውን ጨመቅ ያደርጋሉ። “ይዟል” ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ “ግን አትንካው።”

አባባ ካረፉ ዓመታት አለፉ። ባለፈው ሴት ልጄ ሞተሯን አስለምደኝ አለችኝ። የፊቱን ፍሬን አጥብቄ አስተካከልኩላት፣ አያያዙን አሳየኋት፣ ቀስ ብለሽ ጭመቂው እያልኩ ደጋግሜ አስሞከርኳት። ከበሩ ልትወጣ ስትል ግን ከአፌ ያመለጠው ቃል፣ “የፊቱን አትንኪው” የሚል ሆነ።

ዘወር ብላ፣ “ታዲያ አሁን ምን ስታስተምረኝ ነበር?” አለችኝ።