መጀመሪያ ጥያቄ፣ ከዚያ ደወል

ባለፈው ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስመጣ አውቶቡሳችን ሐሙሲት ላይ ሻይ ሊያስጠጣን ቆሞ ሳለ፣ ከኋላዬ የተቀመጠው ጎረምሳ ሞባይል በድሮው የቤት ስልክ ድምፅ ሲጮህ ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። ልጁ ደንግጦ አየኝ። አይፈረድብኝም፤ ያ ድምፅ በጮኸ ቁጥር አንድ ቦታ እሳት ተነሥቷል፣ ወይም አንድ ሰው ዋሽቷል እያልኩ ነው ያደግኩት።

አባቴ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ስልክ ተቀባይ ነበር፤ ምሳውን ሳደርስለት ያንን ስልክ እሰማ ነበር። በዚያን ጊዜ ለባሕር ዳር ከተማም ለዙሪያውም የነበረው አንድ ቀይ መኪና ብቻ ሲሆን፣ ውኃው ሲያልቅበት ሐይቁ ዳር ወርዶ በፓምፕ እየሳበ ይመለስ ነበር። አባቴ ስልኩን አነጋግሮ ጠረጴዛው ጎን ያለውን ቁልፍ ሲጫን ደወሉ ይጮሃል፣ ሾፌሩና እሳት አጥፊዎቹም እየሮጡ ይወጣሉ። ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ግን ሁልጊዜ ይጠይቅ ነበር። «ማን ልበል? የሚቃጠለው ምንድን ነው? ከማን ቤት አጠገብ?» ደዋዩ ከተንተባተበ ወይም ከጀርባው ሳቅ ከተሰማ ስልኩን ይዘጋል። ምክንያት ነበረው፤ እኔ ሳልወለድ አንድ ቀልደኛ በውሸት ጥሪ መኪናውን ወደ አባይ ድልድይ አስሩጦት ሳለ፣ በሌላው የከተማው ጫፍ የአንዲት አሮጊት ጎጆ ነድዶ አልቋል። አሮጊቷ በሰው ርብርብ ተርፈዋል፤ አባቴ ግን ከዚያ ወዲህ ደዋይ ማመን ተወ።

ጥርጣሬውን ቤትም ይዞት ይመጣ ነበር። ክረምት ላይ፣ ግሽ አባይ ሰፈር ያለው የቤታችን ቆርቆሮ በዝናብ ሲደበደብና ዓለሙ ሁሉ ረጥቦ ሳለ እንኳ፣ ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ከፍ አድርጎ ያሸታል። «ምንድን ነው ያረረው?» ይለናል። እናቴ «ምንም» ስትለው አያምናትም፤ ማድቤት ገብቶ የከሰል ምድጃውን በእጁ ይዳስሳል። ራሴን አመመኝ ብዬ ከትምህርት ቤት ስቀር እኔንም እንደ ደዋይ ይመረምረኝ ነበር። እናቴ «ይኼ ሰውዬ ብሞት እንኳ ምስክር ሳይሰማ አይቀብረኝም» እያለች ታሾፍበት ነበር።

መስቀል አልፎ ሣሩ መድረቅ ሲጀምር፣ የጎረቤታችን የእትዬ በላይነሽ የልብስ ስፌት ሱቅ ተቃጠለ። ደውለው ነበር። አባቴም እንደ ልማዱ ሲጠይቃቸው፣ በድንጋጤ የገዛ ስማቸውን መናገር አቅቷቸው ተንተባተቡና ስልኩን ዘጋባቸው። ደግመው ደውለው እሳት አደጋ ሲደርስ ከስፌት መኪናቸው ብረቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ በላይነሽ እናቴን ሰላም ማለት ተዉ፤ እናቴ የማርያም ማኅበር ላይ ስትገባም ወሬው ቀጥ ይል ነበር። ከሰፈሩ ሰው አንዱ «ተኝቶ ነው» ሲል፣ ሌላው «ድሮም ቂም ነበረው» ይል ነበር። እኔም መጠርጠር ጀመርኩ። አባቴ እራት ሲበላ እጆቹን እያየሁ፣ ስልኩን የዘጋባቸው በየትኛው ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። እሱ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ ዝም የሚል ሰው ደግሞ ያን ጊዜ ጥፋተኛ ይመስለኝ ነበር፣ ዛሬም ይመስለኛል።

ሚያዝያ ላይ ከሐይቁ ነፋስ ሲነሣ ተራው የእኛ ሆነ። የማድቤታችን ግድግዳ ከሐይቁ በታጨደ የደንገል ምንጣፍ የተጋረደ ነበርና፣ ከምድጃው የተፈናጠረ ፍም ያዘው፤ እናቴም ሕፃኑን ወንድሜን አዝላ እየጮኸች ወጣች። እኔ ስልክ ወዳለው ሱቅ ሮጥኩ። አባቴ አነሣው። «አባዬ፣ እሳት!» ከማለቴ በስልኩ ውስጥ ደወሉ ሲያምባርቅ ሰማሁ። የጠየቀኝ ከዚያ በኋላ ነው። ለማንም በሚናገርበት በዚያው ድምፁ «ማን ልበል? የሚቃጠለው ምንድን ነው?» አለኝ።

ስመለስ ጎረቤቱ ሁሉ ባልዲና ጀሪካን ይዞ እሳቱ ላይ ይደፋል፤ እትዬ በላይነሽም ከሁሉ ፊት ነበሩ። ቀዩ መኪና ወዲያው ደረሰና ማድቤቱ ነድዶ ዋናው ቤት ተረፈ። ጭሱ ጋብ ሲል እትዬ በላይነሽ ጀሪካናቸውን መሬት አስቀምጠው መኪናውን ትኩር ብለው አዩና፣ «ለልጁ ሲሆን አልጠየቀም» አሉ። እኔም አንገቴን ደፋሁ፤ ደወሉን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁና።

ያን ዕለት አባቴ ከሥራ ገብቶ እግሩን ሲታጠብ «አባዬ፣ ደወሉ ለምን ቀደመ?» አልኩት። እናቴም ውኃ ማፍሰሷን አቁማ መልሱን ጠበቀች። እግሩን ሳያደርቅ ተነሥቶ ወጣ። በቀጣዩ ክረምት ሾፌሩ በየቀልደኛው ጥሪ እየሮጠ ባዶውን እንደሚመለስ ለእናቴ ያማርር ጀመር። «ባልሽ አረጀ መሰለኝ» አላት። እኔ ግን ሌላ ነገር ጠረጠርኩ፤ እውነቱን ለማወቅ ግን እስከዚህ ዕድሜዬ ጠበቅኩ።

አባቴ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ የእሳት አደጋ መኪናውም በዝቷል፣ ጥሪ የሚቀበሉት ወጣቶችም የደዋዩን ቁጥር ያያሉ። ከሐሙሲት በመጣሁ ማግሥት ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ስለዚያ የሞባይል ድምፅ ስነግረው ሳቀ። እኔም ያንኑ የድሮውን ጥያቄ ደገምኩለት።

«በላይነሽ እውነቷን ነበር» አለኝ። «ድምፅሽን ስሰማ እጄ ቀደመኝ። ኋላ ሳስበው የሚደውለው ሁሉ የሰው ልጅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለሁሉም ደወሉን አስቀደምሁ። ስንቱ ውሸታም አስሮጠን መሰለሽ!»

«ለእሳቸውስ ነገርሃቸው?»

«ሱቋ ከነደደ በኋላ ማስቀደሜ ምን ይረባታል?» አለና ፊቱን ወደ ውኃው አዞረ። አሳዘነኝ። እትዬ በላይነሽም አሳዘኑኝ።

ያን ጊዜ በቤታችን ተጠራጣሪው አባቴ ነበር፤ አሁን እኔ ነኝ። የማላውቀው ቁጥር ሲደውል አጭበርባሪ ይሆናል እያልኩ ጮኾ ጮኾ እስኪያቆም ዝም ብዬ አየዋለሁ። የአባቴ ዓይን ግን ቁጥሩን መለየት ትቷል፤ ስልኩ ገና አንዴ ሲጮህ አንሥቶ «አለሁ፣ የት ናችሁ?» ይላል። ማን መሆናቸውን የሚጠይቀው በኋላ ነው።