ሦስት ጊዜ ቀጭ፦ ከቀራንዮ ጭቃ እስከ ዱባይ በረዶ

ረቡዕ፣ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቀራንዮ

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አድሮ ሊነጋጋ ሲል አባራ። ሻንጣዬን ለሦስተኛ ጊዜ ከፈትኩ። ፓስፖርት አለ። ቡላ አለ። ሚጥሚጣ በሦስት ፌስታል ተጠቅልሎ አለ። ጋዙን ዘግቻለሁ፤ ተመልሼ ደግሞ አየሁት። ባለቤቴ ሙዘሚል ሊሸኘኝ ሻንጣዬን ይዞ በር ላይ ቆሞ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ አውሮፕላኑም እኮ መጠበቅ ይሰለቸዋል» አለኝ።

የምሄደው ልጄ ሰሚራ ጋ ነው። ሰሚራ ዱባይ ውስጥ፣ አንድ ትልቅ የገበያ ሕንፃ ውስጥ በተሠራ የበረዶ ተራራ ላይ ትሠራለች። አዎ፣ በዚያ በረሃ በረዶ አለ። ሁለት ዓመት ለተንሸራታቾች ጫማ ስታከራይ ቆይታ፣ አሁን ልጆችን ስኖውቦርድ ለማስተማር ልትፈተን ነው። ስኖውቦርድ ማለት ሁለት እግርን አንድ ጣውላ ላይ ቆልፎ በረዶ ላይ ቁልቁል መንሸራተት ነው። ሁለቱንም እግር! የላከችልኝን ቪዲዮ ካየሁ ጀምሮ «ብትወድቅ ማን ነው የሚፈታት?» እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ፈተናው ዓርብ ነው። ያንን መቆለፊያ በዓይኔ ሳላየው አይሆንም አልኩ።

በራችን ላይ መሬት ውስጥ የተቀበረ ፌሮ አለ፤ የጫማ ጭቃ መፋቂያ። በኛ ሰፈር ክረምት፣ ጫማ ሳይፋቅ ቤት አይገባም። አራቱንም ልጆቼን «ጫማሽን ፋቂ! ጫማህን ፋቅ!» እያልኩ ነው ያሳደግኩት። ዛሬም ኮብልስቶኑ ላይ የቆመው ታክሲ ጋ ስደርስ የድንጋዩ ጠርዝ ላይ ሁለቱንም ጫማዬን ፋቅኩ።

«ማዘር፣ ይግቡ ችግር የለውም። ማታ አጥበዋለሁ» አለ ሹፌሩ።

«ታዲያ ለምን እኔ ላቆሽሽልህ ልጄ?»

ዘነበወርቅን አልፈን ወደ መካኒሳ ስንወርድ ጉም ነው። የዳቦ ሽታ፣ ሰልፍ የያዙ ሠራተኞች፣ ጃንጥላ፣ ጃንጥላ፣ ጃንጥላ። ሹፌሩ በመስታወት እያየኝ፣ «ጉዞው ወዴት ነው?» አለ።

«በረዶ ላይ።»

«ሩሲያ?»

«ዱባይ።»

«ማዘር፣ ሙድ እየያዙብኝ ነው?» ቦሌ እስክንደርስ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ልቤ ግን እንደ ሙሽራ እናት ይመታል።

ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዱባይ

የሻንጣ ፈታሹ ቡላውን አወጣ። ነጭ ዱቄት፣ ሁለት ኪሎ። እሱ ዱቄቱን ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ። ቋንቋ የለኝም፤ በእጄ ድስት ሠራሁ፣ አማሰልኩ፣ ቀመስኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ «እምምም» አልኩ። ሰውዬው ሳቁ መጣና እንደነበረ መለሰልኝ።

ከበሩ ስወጣ የሙቀቱ ነገር! ምድጃ ተከፍቶ ፊቴ ላይ የነፈሰ መሰለኝ። ሰሚራ ከሰዉ መሀል ሮጣ መጣችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«እማ! መጣሽ! እውነት መጣሽ!»

«እግርሽን አሳይኝ» አልኳት።

«ሰላም እንኳ ሳትዪኝ?»

እግሯ ደህና ነው። ከዚያ በኋላ አለቀስኩ።

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በረዶው

በረዶ የማውቀው በሐምሌ ቆርቆሮ ላይ ሲንኳኳ ነው፤ ለቅመን ሳንጨርስ ይሟሟል። እዚህ ግን በሩ ተከፍቶ ስገባ ከጣሪያ በታች ሙሉ ተራራ ተኝቷል፤ ነጭ፣ ከላይ እስከ ታች። ዝሆን የሚያህል ካፖርት አለበሱኝ። ትንፋሼ ይጨሳል። የአምስት ዓመት ሕፃናት እንደ ወፍ በአጠገቤ ያልፋሉ፣ እናቶቻቸው ደግሞ ትኩስ ቸኮሌት ይጠጣሉ! አንዱ ኩባያ ሃያ አምስት ድርሃም። በብር ማስላት ጀምሬ ተውኩት፤ የመጣሁበት ጉዳይ ሌላ ነው።

«አሁን መቆለፊያውን አሳይኝ» አልኳት።

ሰሚራ ጫማ ማከራያው ውስጥ፣ እርጥብ ካልሲ የሚሸትበት ክፍል፣ ጣውላውን ምንጣፍ ላይ ዘረጋችው። የድሮው ዓይነት ሁለት ሰፊ ቀበቶ አለው፤ ቁጭ ብለሽ አንዱን በቁርጭምጭሚት፣ አንዱን በጣት በኩል ታጠብቂዋለሽ። የእሷ ግን አዲሱ ነው። ቀበቶ የለውም፤ ቆመሽ መርገጥ ብቻ። ጫማው ከተረከዙ በስተኋላ አንድ ጥርስ፣ ከጣቶቹ ግራና ቀኝ ሁለት ጥርሶች አሉት። ጣውላው ላይ ደግሞ እነሱን የሚነክሱ መያዣዎች አሉ።

«ተረከዝ መጀመሪያ ነው፣ አድምጪ» አለችና ረገጠች። ቀጭ። «ይህ ግማሽ ነው።» ክብደቷን ጣለችበት። ቀጭ። «አሁን ተረከዙ ገባ።» ጣቶቿን ወደ ታች ጫነች። ቀጭ። «አለቀ። ሦስት ጊዜ።»

ተንበርክኬ ጫማውን በሁለት እጄ ይዤ ጎተትኩ። አልወጣም። እግሬን ግድግዳ ላይ ተክዬ ጎተትኩ፤ እጄ አመለጠኝና በቂጤ ተቀመጥኩ። የሥራ ጓደኞቿ አጨበጨቡልኝ።

«ሲወጣስ?»

«ይቺን እጀታ ወደ ላይ ትስቢያለሽ፣ ተረከዝሽን ታነሺያለሽ። ይኸው።»

በእኔ እግርም ሞከርነው። ጫማውን በደንብ አጠበቀችው፤ ተረከዝ ጫማው ውስጥ ከተንቀሳቀሰ መቆለፊያው ምንም ጥቅም የለውም አለች። ረገጥኩ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። እግሬ የራሴ መሆኑ ቀረ። «አውጪኝ!» ብዬ ጮህኩ። አወጣችኝ።

«በመሀል ቢከፈትስ?» አልኳት።

«እማ፣ ወስኚ እንግዲህ። የምትፈሪው እንዳይከፈት ነው ወይስ እንዳይዘጋ?»

«ሁለቱንም።»

ማታ ቡላ እየበላን፣ «ነገ አለቃዬ ፊት አንድ ቃል እንዳትናገሪ» አለችኝ። «ከስድስት ወር በፊት ሌላ ፈተና የለም። ወላሂ በይ።»

«ወላሂ አልልም። ኢንሻአላህ ልበልሽ።»

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፈተናው

መነሻው ከአጥሩ በላይ አስር እርምጃ ያህል ነው። እኔ አጥሩን ይዤ ቆሜያለሁ፤ አፌን በሻርፕ ሸፍኛለሁ፣ ቃል እንዳይወጣ። አለቃዋ ረጅም ሴት ናት፤ ወረቀት ይዛ ሰዓቷን ታያለች። ከሰሚራ በፊት አራት ወጣቶች ተፈተኑ። አንዱ ወደቀ፤ ልቤ አብሮ ወደቀ።

የሰሚራ ተራ ደረሰ። ጣውላዋን ታቅፋ በረዶውን እየረገጠች መጣች፤ አስቀመጠችው። ግራ እግሯን አገባች። ቀጭ፣ ቀጭ። ቀጭ። ሦስት። ቀኙን አገባች። ቀጭ።

ጠበቅሁ። ሌላ ቀጭ የለም። ሰሚራ ቀና ብላ አለቃዋን አየች፣ ዝግጁ ነኝ ብላ ራሷን ነቀነቀች። የቀኝ ተረከዟ ከግራው በአንድ ጣት ከፍ ብሏል። ከጫማዋ ሥር ነጭ ነገር ተጠቅጥቋል። ያንን አውቀዋለሁ! በረዶ ይሁን እንጂ ያው የቀራንዮ ጭቃ ነው። ጫማ ሥር የተጠቀጠቀ ነገር በየትኛውም በር አያስገባም።

አለቃዋ እጇን አነሳች። ሻርፑን ከአፌ አወረድኩ።

«ሰሚራ! ጫማሽን ፋቂ!»

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ሰሚራ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ። ግን እጇ ከእሷ ቀድሞ ሰማኝ። ጎንበስ ብላ እጀታውን ሳበች፣ እግሯን አወጣች፣ ጫማዋን ጣውላው ጠርዝ ላይ ፋቀች፤ ልክ በራችን ላይ እንደምታደርገው፣ ሁለቴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ። የብርቱካን ግማሽ የሚያህል በረዶ ወደቀ። መልሳ ረገጠች። ቀጭ፣ ቀጭ። ቀጭ።

አለቃዋ አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ ሰሚራ መለሰች። ሴትየዋ ወረቀቱ ላይ ረጅም ነገር ጻፈች። አበቃ፣ ልጄን ከፈተናው ጣልኳት አልኩ።

ሰሚራ ወረደች። ቢስሚላህ! ወደ ግራ ታጠፈች፣ ወደ ቀኝ ታጠፈች፣ ጣውላው በረዶውን እንደ ቢላ እየቆረጠ። ታች ደርሳ በረዶ እየረጨች ቀጥ አለች። አልወደቀችም። እኔ ነኝ የወደቅሁት፤ ዘልዬ እልል ስል አዳለጠኝ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ እየሮጠች መጣች። «አለፍኩ! እማ፣ አለፍኩ!»

«ምንድን ነው የጻፈችው?»

«ምን አለች ብላ ነበር የጠየቀችኝ። ነገርኳት። እንደዚያው ሳትፈትሺ ብትወርጂ ኖሮ እጥልሽ ነበር አለችኝ፤ ተረከዜን እሷም አይታዋለች። ስህተቴንም ጽፋዋለች። ልጅ የሚያስተምር ሰው ግን ሰው ፊትም ቢሆን መለስ ብሎ መፈተሽ አለበት ብላ ነው ያሳለፈችኝ።» ከዚያ ትከሻዬን በቀስታ መታ አደረገችኝ። «ኢንሻአላህሽ ግን ጉድ አደረገኝ!»

ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ቀራንዮ

ያው ዝናብ፣ ያው ጉም፣ ያው ጭቃ። ሙዘሚል በር ከፍቶ፣ «እግሯስ?» አለኝ። እሱም ሲጨነቅ ከርሟል ለካ!

ፌሮው ላይ ግራ ጫማዬን እየፋቅሁ ስልኬ ጮኸ። ከሰሚራ የተላከ ድምፅ ነው። ዛሬ የመጀመሪያ ትምህርቷ ነበር። ከፈትኩት። መጀመሪያ የሕፃናት ጫጫታ፣ ከዚያ የእሷ ድምፅ፣ ጠንከር ብሎ፣ በአማርኛ፦ «ፋቅ!» ሕፃናቱም ተቀብለው በተንጋደደ አፍ፣ «ፋቅ! ፋቅ!» ጫማ ሲፋቅ ይሰማል። ቀጥሎ ዝምታ።

አንድ እግሬን እንዳነሳሁ፣ የሙዘሚልን ትከሻ ይዤ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጠበቅኩት።

ቀጭ።

ቀጭ።

«ምንድን ነው?» አለ ሙዘሚል።

«ዝም በል» አልኩት፣ «አንድ ይቀራል።»

ቀጭ።