ሞተሩ መቼ ነው የጠፋው

ይህን ነገር ለባለቤቴ አልነገርኋትም። ፊታቸው ተንበርክኬ ኃጢአቴን ለምዘረዝርላቸው ለንስሐ አባቴም አልነገርኋቸው። ስካሬን፣ ስድቤን፣ ጾም መሻሬን ሁሉ ተናግሬ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባቴ» እላለሁ። አለ። ለእርስዎ የምናገረው ስለማያውቁኝ ነው፤ ወረታ መጥተው በጋራዤ ደጃፍ ቢያልፉ እንኳ ከዘይታሞቹ የትኛው እንደሆንሁ አይለዩኝም። ፈሪ ሰው ሲናዘዝ እንዲህ ነው፤ የማያየውን ሰው ይመርጣል።

እኔ መካኒክ ነኝ። ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ አለፍ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረች ጋራዥ አለችኝ። ስሜ የታወቀው በጆሮዬ ነው። ኮፈን ሳላስከፍት፣ ሞተሩ ሲነሣ ብቻ ሰምቼ ሕመሙን እናገር ነበር። ባጃጅ ነጂዎቹ ይህን ለማየት ሥራ ፈትተው ይቆሙልኝ ነበር። እኔም መደነቁን ከሥራው በላይ ወደድሁት። ወደድሁት ማለት ያንሰዋል፤ ያለ እሱ መዋል አቃተኝ።

ሙሉቀን አበልጄ ነው። የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሣሁለት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ከወረታ ይፋግ፣ ከይፋግ አዲስ ዘመን በአንዲት አሮጌ ሚኒባስ ሰው ያመላልስ ነበር፤ መኪናዋም የራሱ ነበረች። እንደ እሱ ረጋ ብሎ የሚነዳ ሰው በዚህ መንገድ አላየሁም። ከብት መንገድ ሲሻገር ጥሩንባ እንኳ አይነፋም፤ ሞተሩን ዝቅ አድርጎ የመጨረሻዋ ጥጃ እስክታልፍ ይጠብቃል። ተሳፋሪ በዚህ ያማው ነበር። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ወደፊት የምናገረው ሁሉ የደረሰው በእንዲህ ያለ ሰው ላይ ነው።

አንድ ጠዋት መጥቶ፣ ፍሬን ስይዝ ሞተሩ ይጠፋል አለኝ። ሲነዳ ደኅና ነው፤ ቆማም ስትሠራ ደኅና ናት፤ ፍሬን ሲረገጥ ብቻ ሁለት ጊዜ ተንዘፍዝፋ ዝም ትላለች። ጊዜው ነዳጅ የጠፋበት ነበር። ቤንዚን በውሃ ፕላስቲክ እየተሸጠ፣ ውስጡ ምን እንደተቀላቀለ ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ እኛ ዘንድ ለማንኛውም የመኪና ሕመም መልሱ አንድ ሆኖ ነበር። እኔም ኮፈኑን ሳልነካ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ ነዳጁ ነው፣ ውሃ ጠጥታለች አልሁ። ነዳጅ ካልሆነ መፍቻዎቼን በሙሉ ለሙሉቀን እሰጠዋለሁ ብዬም ፎከርሁ። ሰዉ ሳቀ። ሙሉቀንም ሳቀ።

ታንከሩን አራግፌ አጠብሁ። ተመልሶ መጣ። ካርቡሬተሩን ፈትቼ ጠረግሁ። ተመልሶ መጣ። ካንዴላዎቹን ሁሉ ቀየርሁ። አሁንም ተመልሶ መጣ፤ እንደ ልማዱም ሳይቆጣ፣ እኔን እንደማስቸገር ቆጥሮት፣ ይቅርታ እየጠየቀ። ፍሬን ሲረገጥ የሚጠፋ ሞተር ነው እያለኝ እኔ ግን ፍሬኑን አላየሁም። ለምን? ነዳጅ ነው ብዬ ስለነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም። ባጃጅ ነጂዎቹ በሩቁ፣ መፍቻዎቹን መቼ ነው የምትሰጠው እያሉ ይቀልዱብኝ ጀመር። እንደ ቀልድ መለስሁላቸው እንጂ ውስጤ ተቃጠለ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጋራዡን ከውስጥ ዘግቼ መኪናዋን ብቻዬን አስነሣሁ። ፍሬኑን በእንጨት ወጥሬ በወንበሩ አስደገፍሁትና ጆሮዬን ወደ ፔዳሉ አወረድሁ። ከሥሩ ፊስስ ይላል። ፍሬን ስንረግጥ እግራችንን የሚያግዝ፣ ሰርቮ የምንለው ክብ ቆርቆሮ አለ፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ሞተሩ ከሚስበው አየር ነው። ውስጡ ያለው ጎማ ሲቀደድ፣ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ሞተሩ የማይገባውን አየር ይስባል፤ ይንዘፈዘፍና ይጠፋል። ወደ ሰርቮው የሚሄደውን ቱቦ በፒንሳ ጨምቄ ያዝሁት። ሞተሩ ተረጋጋ። ፒንሳውን ለቀቅሁት። ጠፋ። ደግሜ አስነሣሁ፣ ደግሜ ጨመቅሁ፣ ደግሜ ለቀቅሁ። ከዚህ በኋላ አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም። አወቅሁ። የማውቀው ደግሞ ሕመሙን ብቻ አልነበረም። ሞተሩ ሲጠፋ እገዛው አብሮ እንደሚጠፋ፣ ያን ጊዜ ፔዳሉ ድርቅ ብሎ በሙሉ እግር ቢረገጥ እንኳ መኪናዋ ቶሎ እንደማትቆም አውቅ ነበር።

ሰርቮ ወረታ አይገኝም፤ ከባሕር ዳር መላክ አለበት። መኪናዋ ቀናት ትቆማለች፤ ጊዜው ደግሞ የሩዝ አጨዳ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ይህን ለራሴ ነገርሁት። ግን እርስዎን ልዋሽ አልፈልግም፤ ያቆመኝ ይህ አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ሰው ተሰብስቦ እያለ፣ ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነበር፣ ሕመሙ ነዳጅ አልነበረም ብዬ መናገር ነው ያቃተኝ። ሳቃቸው አስቀድሞ ተሰማኝ።

ስለዚህ ካቻቢቴ አነሣሁ። መኪና ቆሞ ሳለ ሞተሩ የሚዞርበትን ልክ፣ ሚኒሞ የምንለውን፣ በቡሎኑ ከፍ አደረግሁት። ሞተሩ እየጮኸ ስለሚዞር ፍሬን ሲረገጥ ይንዘፈዘፋል እንጂ ቶሎ አይጠፋም። ሕመሙን አላዳንሁም፤ አፉን ነው ያፈንሁት። ሰኞ ሙሉቀን ሲመጣ በሰው ፊት አስነሣሁለት፤ ፍሬን ረገጠ፤ አልጠፋም። ነዳጁ ነበር አልሁ። ከዚያ ለብቻው ገለል አድርጌ፣ ምናልባት ካስቸገረችህ ፍሬኑን ስትይዝ የነዳጁን ፔዳል በተረከዝህ ነካ አድርግ ብዬ አስተማርሁት። አንድ እግር ለሁለት ሥራ። እንደ ትልቅ የሙያ ምሥጢር አድርጌ ነው የነገርሁት፤ እሱም አመሰገነኝ።

ሩዝ በሚታጨድበት ወቅት ፎገራን ያየ ያውቃል፤ ሰው የታጠበ ልብስ እንደሚያሰጣው ሩዙን በሸራ ላይ አድርጎ አስፋልቱ ዳር ያሰጣዋል። ሬንጁ ሙቀት ይይዛል፤ ቶሎ ያደርቃል። መኪናውም ለምዶታል፤ ቀስ ብሎ ያልፋል። የርብን ድልድይ አለፍ ብሎ ወይዘሮ ይታይሽ የምትባል ሴት ሩዟን አስጥታ ነበር። የአቶ ገላው ባለቤት ናት። ነፋስ የሸራውን ጫፍ ሲገልበው እሱን ለመያዝ ጎንበስ እንዳለች ወደ ኋላ ወደ መንገዱ ገባች። ከፊት የጭነት መኪና እየመጣ ስለነበር ሙሉቀን መሪውን መጠምዘዝ አልቻለም። ፍሬን ያዘ። መታት፤ እዚያው ሞተች። መኪናዋ ስትቆም ሞተሩም ጠፍቶ ነበር። ሩዙ እስከ ማታ አስፋልቱ ላይ ተበትኖ እንደነበር ሰዎች ነገሩኝ፤ ማንም አልሰበሰበውም።

ትራፊክ ፖሊሱ መካኒክ ፈልጎ የጠራው እኔን ነው። መኪናዋን አስነሣሁ፣ ጥቂት አስኬድሁ፣ በቀስታ ፍሬን ያዝሁ። ቆመች። ፍሬኑ ይይዛል አልሁ። ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ ለዚህ ነው የሚያስጠላኝ። ፖሊሱ ሞተሩን ጠይቆኝ ቢሆን ምን እመልስ ነበር? አልጠየቀኝም፤ እኔም ያልተጠየቅሁትን አልተናገርሁም። መኪናዋ ስትለቀቅ የሙሉቀን ወንድም ወደ እኔው ጋራዥ አመጣት። የተቀደደውን ሰርቮ አውጥቼ ባሕር ዳር ሄጄ ከአንድ የወደቀ መኪና ላይ የፈታሁትን ገጠምሁ፤ ሚኒሞውን ወደ ቦታው መለስሁ። አሮጌውን ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ለጫኞች ሰጠሁት። በዚያ ቀን ሥራዬን አሳምሬ ሠራሁ። መኪናዋ ከዚያ ወዲያ ጠፍታ አታውቅም።

ሙሉቀን ታሰረ። በየጊዜው ስንቅ ይዤ እሄድ ነበር፤ ሰው ሁሉ፣ አበልጅ እንዲህ ነው እያለ አመሰገነኝ። ሲፈታ ሽማግሌዎች በእርቁ ገቡ። በእኛ አገር ነፍስ ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ቤተሰብ ፊት ይንበረከካል፤ ይቅር ብለንሃል እስኪሉት ከማጅራቱ አያወርድም። ቀኑ ተቆረጠ። በዋዜማው ሙሉቀን ጋራዥ መጣ። በርሜሉ ላይ ተቀመጠ።

«አበልጅ፣» አለኝ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ መኪናዋን የመረመርሃት አንተ ነህ። ሞተሩ የጠፋው ከመምታቴ በፊት ነው ወይስ ከመታሁ በኋላ? እኔ ጨርሶ አላስታውሰውም። ፔዳሉ እምቢ ያለኝ ይመስለኛል፤ ደግሞ እግሬ ዘግይቶ ይሆናል እላለሁ።»

ለምን እንደፈለገው ጠየቅሁት።

«ነገ አቶ ገላው ፊት እቆማለሁ። ከመምታቴ በፊት ከሆነ እንዲያ ብዬ እነግራቸዋለሁ። በኋላ ከሆነ እኔ ነኝ እላለሁ። እውነቱን ሳልናገር ይቅርታቸውን መቀበል አልፈልግም።»

ይኸው ነው። ኃጢአቴ ሚኒሞው ነው ብለው አስበው ከሆነ፣ ወይም ለፖሊሱ ዝም ማለቴ፣ እሱ ወደዚህ ያደረሰኝ መንገድ ነበር። እዚህ ግን ሰው በገዛ እግሩ መጥቶ፣ በሩን በሰፊው ከፍቶ፣ ግባ አለኝ። እኔ ግን ምን አደረግሁ? መልሴን ለመስጠት እንኳ አልዘገየሁም።

«ከመታህ በኋላ ነው» አልሁት። «ደንግጠህ ፍሪሲዮን ሳትረግጥ ስለቆምህ ነው የጠፋው።»

አንገቱን ነቀነቀ። «እንግዲያ እኔው ነኝ» አለ።

በማግስቱ ከጣራ ገዳም የመጡ መነኩሴ መስቀላቸውን ይዘው መሐል ቆሙ። በአንድ በኩል አቶ ገላውና ልጆቻቸው፣ በሌላው የሙሉቀን ወገኖች ተቀመጡ። ድንጋዩን የሚያሸክመው ሰው ሲጠየቅ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ አበልጁ ነኛ። አንሥቼ በማጅራቱ ላይ ያደረግሁት በእነዚህ እጆቼ ነው። ከባድ ነበር። እሱም ተንበርክኮ፣ ሞተርም ፍሬንም ሳያነሣ፣ እግሬ ዘገየ፣ የእኔ ጥፋት ነው አለ። አቶ ገላው አለቀሱ። ልጆቹ አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ፤ ሰው ስለ ወዳጄ ያለቀስሁ መሰለው። ድንጋዩ የእኔ ነበር። ያን ቀን አፌን ብከፍት ከእሱ ማጅራት ወርዶ ወደ እኔ ይመጣ ነበር፤ አልከፈትሁም።

ሙሉቀን ከዚያ ወዲህ መሪ አልያዘም። አሁን ከጋራዤ አጠገብ ካለው ሩዝ መፈልፈያ ጆንያ ይሸከማል። ባጃጅ ሲሳፈር እንኳ ከነጂው አጠገብ አይቀመጥም። ቀኝ እግሩን ሰነፉ እግሬ ይለዋል፤ ሰው ቀልድ መስሎት ይስቃል። አንድ ጊዜ ደጃፌ ላይ ቆሞ ያን እግሩን ሲያነሣና ሲጥል አየሁት፤ የሌለ ፔዳል ይረግጣል፤ ፍጥነቱን እየለካ ነው። ሲያየኝ አፈረና ሄደ። ያን እግር እንዲህ ያደረግሁት እኔ ነኝ። መኪናዋን ሳይሆን ሰውየውን ነው ያበላሸሁት፤ ለሰውየው ደግሞ መለዋወጫ ከየት አመጣለሁ?

እርስዎን ይቅር ይበሉኝ አልልም፤ ምን አደረግሁዎትና? ይቅር ማለት የሚችሉት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ በእኔ ምክንያት የለችም። ወጣት ነበርሁ አልልም፤ አልነበርሁም። አላወቅሁም ነበር አልልም፤ ሁለት ጊዜ ጨምቄ ሁለት ጊዜ ለቅቄ አውቄአለሁ። ሙሉቀን ዛሬ ጠዋትም በደጃፌ አለፈ፤ ጆንያ እንደተሸከመ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እንደምን አደርህ አበልጅ አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልሁ። ማታም በዚያው ያልፋል። ከእርስዎ ጋር ስለማመድ የዋልሁት ያን ጊዜ ለምናገረው ነው፤ አጭር ነው፣ ምላሴ ግን ገና አልለመደውም።

ሞተሩ የጠፋው ከመምታትህ በፊት ነው፣ ሙሉቀን። በፊት ነው።