ዝምታዋን ዜሮ ብለው ሞሉት

እናትየዋ በሩን ከፍታ እኔ መሆኔን ስታይ ግቢ አላለችኝም። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፤ ደረጃውን ወጥቼ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ቆሜያለሁ። ከዚያ በፊት በሄድኩ ቁጥር "ነይ እህቴ፣ ተቀመጪ" እያለች የምትቀበለኝ ሴት ያን ቀን በሩን በግማሽ ይዛ፣ "ደግሞ ምን ልትጽፉባት መጣችሁ?" አለችኝ።

ቦሌ ለሚ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ሸሚዝ ትሰፋለች። ከወላይታ ከመጣች ጥቂት ዓመታት ሆኗታል። የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት፤ እሷ ሥራ ስትውል ልጅቷን የምትይዘው ታናሽ እህቷ ናት። የእኔ ሥራ የልጆች ሥነ ልቦና ነው። በፋብሪካ የሚሠሩ እናቶች ልጆች እንዴት እንደሚያድጉ የሚያጠና ፕሮጀክት ውስጥ ነበርኩ። አብረውኝ አንዲት የሕፃናት ሐኪም፣ አንድ ወጣት ኢኮኖሚስትና አንድ አንትሮፖሎጂስት ይሠሩ ነበር። የእኔ ድርሻ ቤት ለቤት እየሄድኩ እናቶችን ማነጋገር ሲሆን፣ ልጆቹን የሚፈትኑት ለዚያ ብቻ የተቀጠሩ መረጃ ሰብሳቢዎች ነበሩ።

"ምን ተጻፈባት?" አልኳት።

"ኬጂ ላስመዘግባት ሄድኩ። ዳይሬክተሯ፣ ‘ይቺ እዚህ የተፈተነችው አይደለችም እንዴ? አእምሮዋ ዘገምተኛ ነው ብለውኛል፣ ሌላ ቦታ ፈልጊላት’ አለችኝ። በሰው ፊት እኮ ነው። ልጁን ሊያስመዘግብ የተሰለፈ ሁሉ ዞሮ አያት።" ልጅቷ ውስጥ ስለነበረች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ልጄ እኮ ቤት ውስጥ አፏ አይዘጋም። ጌታ ምስክሬ ነው። እነማን ሆናችሁ ነው ዘገምተኛ የምትሏት?"

ይቅርታ ብላት የማን ይቅርታ ነው? አጣርቼ እመለሳለሁ ብያት ወረድኩ። ወደ መገናኛ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቄ ተቀምጬ ነገሩን አወጣ አወርድ ነበር። የልጅ ፈተና ውጤት ለኬጂ ዳይሬክተር የሚነገረው በየትኛው ሕግ ነው? ነገሩን ሳጣራ እንዲያውም "የተነገረ" እንኳ አልነበረም፤ ፈተናው የተሰጠው በዚያው ኬጂ ባዶ ክፍል ስለነበር መረጃ ሰብሳቢዋ ስትወጣ በወሬ መሃል ጣል ያደረገችው ነገር ነው። በወሬ መሃል!

ቢሮ ገብቼ የልጅቷን ውጤት ከፈትኩ። ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው "አልመለሰችም" ይላል፤ ከአጠገቡ ዜሮ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። "አልመለሰችም" ማለት "አታውቅም" ማለት የሆነው መቼ ነው? ቤቷ ውስጥ የሚነገረው ወላይትኛ ነው። ከእናቷ ለይተው፣ የማታውቃት ሴት ፊት አስቀምጠው፣ በፈጣን የአዲስ አበባ አማርኛ "ይሄ ምንድን ነው? ያኛውስ?" እያሉ ሥዕል ሲያገላብጡባት ዝም አለች። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ዝም እላለሁ።

የፕሮጀክቱን ኃላፊ ደወልኩላቸው። በዕድሜም በሥራም የሚቀድሙኝ ሰው ናቸው።

"ስሜታዊ አትሁኚ" አሉኝ። "መለኪያው በብዙ አገር የተሠራበት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት አትላስ ስብሰባ አለን፤ እዚያ አንሺው።"

አትላስ አካባቢ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ፣ ቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። ኃላፊው ስላይድ እየቀየሩ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች ምን ያህል "ወደኋላ እንደቀሩ" አሳዩን። ፊት ለፊት የተቀመጡት እንግዶች ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። እጄን አወጣሁ።

"ወደኋላ ቀሩ ከተባሉት ውስጥ ስንቶቹ ናቸው ምንም ሳይናገሩ ዜሮ የተሰጣቸው?"

"ዝምታም ውጤት ነው" አሉ፣ ፈገግ ብለው።

"ዝምታ ውጤት ከሆነ እንግዲህ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እስካሁን ያልተናገረ ሁሉ ዘገምተኛ ነው ማለት ነው" አልኩ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን መቀለዴ አልነበረም። ኃላፊው ሻይ ዕረፍት ነው ብለው ማይክራፎኑን ዘጉት።

በዕረፍቱ አራታችን አንድ ጠረጴዛ ከበብንና እርስ በርስ ተያያዝን። ኢኮኖሚስቱ፣ "ሳምፕሉ ትልቅ ነው፣ የአንድ ልጅ ስህተት አቨሬጁን አይነካውም፤ ኖይዝ ነው፣ እንደ ጫጫታ የሚታለፍ" አለ። ልጅን ኖይዝ ሲላት ሻዩን ልደፋበት ምንም አልቀረኝም። አንትሮፖሎጂስቱ ደግሞ፣ "እኔ ድሮም ብያለሁ፣ መለኪያ የምትሉት ነገር ሁሉ ቆሻሻ ነው፤ ቤታቸው ገብታችሁ ካልከረማችሁ አታውቁም" ብሎ የእኔን ሙያ ጭምር ጠራርጎ ጣለው። እኔም፣ አንተ አንድ ቤት ከርመህ ስለ ከተማው ሁሉ የምትጽፈው ከምን ይሻላል አልኩት።

ሐኪሟ በዕድሜ ሁላችንንም ትበልጣለች፤ ዶክተር፣ እርስዎ፣ እያልን ነው የምንጠራት። እስክንጨርስ ጠብቃ፣ "ልጅቷን ከእናንተ መሃል ማን አይቷታል?" አለች።

እኔ ከእናቷ ጋር ሳወራ በጨረፍታ አይቻታለሁ፤ ያን ማየት ካሉት።

"አንተ ኖይዝ ነው አልክ፤ እንዴት አወቅህ? አንተስ" አለችው አንትሮፖሎጂስቱን፣ "ቋንቋ ነው ልትል ነው፤ እንዴት አወቅህ? አንቺም ፈርታ ነው ልትዪ ነው፤ በምን አወቅሽ? እኔም ሳልመረምር ጤነኛ ናት ማለት አልችልም።"

ተናደድኩባት፤ እውነቷን ስለነበረ ይበልጥ ተናደድኩ። ስብሰባው ሳያልቅ ተስማማን፦ አራታችንም አብረን እንሄዳለን፣ ልጅቷን እቤቷ፣ እኩል ሰዓት እናያታለን፣ ሳንነጋገር ለየብቻ እንጽፋለን፣ ከዚያ እናመሳክራለን።

እናትየዋን ማሳመን ከባድ ነበር። በስልክ ደጋግሜ ለመንኳት። በመጨረሻ፣ "እሑድ ከቸርች መልስ ኑ። ግን የጻፋችሁትን ሁሉ እዚሁ፣ እኔ እየሰማሁ ታነባላችሁ" አለች። ማንም የጥናት ኮሚቴ እንዲህ ያለ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦልን አያውቅም።

እሑድ ከሰዓት ባላቸው አንዲት ክፍል ውስጥ አራታችን አልጋው ጠርዝና ዱካ ላይ ተደረደርን። ልጅቷ ከአክስቷ ጋር መሬት ላይ ቁጭ ብላ የፕላስቲክ ክዳን ትደረድራለች፣ ታፈርሳለች፣ በወላይትኛ ትለፈልፋለች። እኛ አንድ ነገር ስንጠይቃት ግን አንገቷን ደፍታ ጭጭ። ቆይተን ብዕራችንን አስቀመጥንና ማንበብ ጀመርን።

ሐኪሟ የጻፈችው፣ አክስቷ ከግራ ስትጠራት ልጅቷ ሁልጊዜ መላ ጭንቅላቷን እንደምታዞር ነው፤ ጆሮዋን ጠርጥራለች። ኢኮኖሚስቱ ማን ለማን ስንት ጊዜ እንደተናገረ ቆጥሯል፤ ልጅቷ ወሬውን ራሷ ስትጀምር ብዙ ታወራለች፣ ስትጠየቅ ግን አታወራም። አንትሮፖሎጂስቱ፣ ትልቅ ሰው ሲያናግራት ዓይኗን ስትሰብር አክስቷ በአድናቆት ራሷን እንደነቀነቀች ጽፏል፤ እዚህ ቤት ጨዋ ልጅ እንዲህ ናት። እኔ ያየሁት ደግሞ፣ ማንኛውንም ነገር ከማድረጓ በፊት የእናቷን ፊት እንደምታይ ነው። የፈተናው ቀን እናቷ አልነበረችም።

ከዚያ ተጣላን። እዚያችው ክፍል ውስጥ፣ ሰው ቤት ውስጥ መሆናችንን ረስተን፣ ሁሉም የእኔ ነው ምክንያቱ ይላል። ያስቆመን ኢኮኖሚስቱ ነው። ወረቀቶቻችንን አንድ ላይ ይዞ ደጋግሞ አያቸው። "እኛ አራታችን አንድ ክፍል ውስጥ ሆነን ካልተስማማን" አለ፣ "አንድ ሰው ብቻውን የሞላውን ነው እኔ ስደምር የከረምኩት?" ፊቱ ልውጥ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኖይዝ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

እንዴት እንደምናጣራ ስንነጋገር እሱ፣ "አንድ በአንድ እንቀይር። ሁሉንም አንድ ላይ ከቀየርን የትኛው እንደሆነ በምን እናውቃለን?" አለ። አንትሮፖሎጂስቱ፣ "እሺ፣ ግን ቤቷ ውስጥ፣ በቋንቋዋ" አለ። ሐኪሟ እጇን አነሳች። "ጆሮዋ የእናንተን የጥናት ዲዛይን አይጠብቅም። ነገ ትምጣልኝ።"

በማግስቱ እናትየዋ ከአለቃዋ ጋር ተጨቃጭቃ ፈቃድ ወስዳ መጣች። የልጅቷ ግራ ጆሮ ውስጡ መግል ቋጥሮ ነበር፤ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። መድኃኒት ተጀመረላት። እድገቷን ልናጠና ገንዘብ ተመድቦ፣ መኪና ተመድቦ፣ ሥዕል ታትሞ፣ ጆሮዋን ያየ ሰው አልነበረም! ይህን ስጽፍ አሁንም ይቆጠቁጠኛል።

ጆሮዋ ከዳነ በኋላ እዚያው ኬጂ ክፍል፣ በአማርኛ፣ ያለ እናቷ ፈተንናት፤ ጥቂት ብቻ መለሰች። ቆይተን ቤቷ ውስጥ፣ ከዚያም እናቷን አጠገቧ አስቀምጠን ስንጠይቃት በየጊዜው ጥቂት ጨመረች፤ በመጨረሻ ወላይትኛ የሚናገር ባልደረባ ሲጠይቃት እንደ እኩዮቿ መለሰች፤ አንዳንዱን ጥያቄ እንዲያውም መልሳ ጠየቀችው። የአራታችንም ግምት ትንሽ ትንሽ እውነት ነበረበት፤ ብቻውን የቆመ አልነበረም። ኢኮኖሚስቱ፣ መደጋገሙ ራሱ ሊያለማምዳት ይችላል ብሎ ተከራከረ፤ ያንንም ጻፍነው።

ዝም ያሉት ልጆች ከዜሮዎቹ ካልወጡ ስማችን ሪፖርቱ ላይ አይገባም ብለን አራታችን ኃላፊው ቢሮ ገባን። ተቆጡ፣ ለመኑ፣ በመጨረሻ ተስማሙ። ሪፖርቱ ሲወጣ ግን ልጆቹ ከዜሮዎቹ የወጡበት ምክንያት ግርጌ ላይ፣ መነጽር በምትፈልግ ፊደል ሰፍሮ ነበር። የወደኋላ መቅረቱ ወሬ በትልቁ የተጻፈ ጊዜ ቦታ አልጠፋለትም።

ኬጂው ጋ ከእናትየዋ ጋር እኔና ሐኪሟ ሄድን። ዳይሬክተሯ የሐኪሟን ማስረጃ ካነበበች በኋላ፣ "ጥናት ነው ስላሉን እኮ ነው" አለች። "እንግዲህ ቦታ ካለ ከኋላ ትቀመጥና እናያታለን።"

እናትየዋ የልጇን እጅ ያዘች። "ልጄ ከኋላ ተቀምጣ የምትታይ አይደለችም" አለቻትና ወጣች። ከቤታቸው ዝቅ ብሎ ባለ፣ ቸርች ግቢ ውስጥ በተከፈተ ኬጂ አስገባቻት። ክፍላቸው ጠባብ ነው፣ መጫወቻ የላቸውም፤ ግን ስለ ልጅቷ ማንም ምንም ብሏቸው አያውቅም።

የቀሩት ልጆች እረፍት ነሱኝ። ዝም ብለው ዜሮ የተሞላላቸው ሌሎቹ ልጆች እናቶችስ በየትኛው በር ላይ ምን ተብለው ይሆን? ከአንትሮፖሎጂስቱ ጋር ልንፈልጋቸው ወጣን። የተከራየ ሰው አይቆይም፤ ኪራይ ሲጨምርበት ለቆ ይሄዳል፤ የስልካቸው ቁጥርም አይሠራም። ጥቂቶቹን አግኝተናል። አንድ ብሎክ ላይ ያንኳኳነውን በር ከወሎ የመጡ ሌሎች ሰዎች ከፈቱልን። ሴትየዋ ሕፃን ታቅፋ፣ "ምን ነበር?" አለችን። የምንፈልጋትን ሴት ነገርናት። "እኛ ስንገባ ቤቱ ባዶ ነበር" አለችን፤ ወዴት እንደሄደች ጎረቤትም አያውቅም።