ድሬዳዋ አልጋው ስር

የዚያን ቀን ቤት ውስጥ የነበርነው አባዬ፣ እማዬ፣ ታላቅ ወንድሜ ግርማና እኔ ነን። ዛሬ ልጄ የሳርዲን ቆርቆሮ ሲከፍት የዘይቱ ሽታ ወደዚያ ቤት፣ ወደ ቦሌ ሚካኤል መለሰኝ።

ግርማ የመጫወቻ ባቡር ሊሠራ አስቦ ነበር። ሐዲዱ ከሽቦ፣ ጎማው ከቆርኪ፣ ፉርጎው ከሳርዲን ቆርቆሮ። ገና አንዱንም ሳይሠራ መንገዱን በጠመኔ ሊሾው ላይ ሣለው። ለገሃር ጠረጴዛው ስር ሆነች፣ ድሬዳዋ በሩ ጋ።

አባዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ «ድሬዳዋን ከበሩ አንሳት። አልጋው ስር አድርጋት» አለው።

«አባዬ፣ አልጋ ስር ማን ይሳፈራል?»

«ቁንጫ ይሳፈር። በር ላይ ያለ ይወሰዳል።»

እኔና ግርማ ሳቅን፤ እማዬ አልሳቀችም። አባዬ ባቡሩ ኋላ እንዳይሰረቅ የፈራ መስሎኝ ነበር። ለካ ያን ሰሞን ወጣቶች ለጦርነት ከየመንገዱ ይታፈሱ ኖሯል።

ግርማ ድሬዳዋን በእጁ አጥፍቶ አልጋው ስር ሣላት። በማግስቱ አትላስ አካባቢ ካለ ሆቴል ጓሮ ባዶ ቆርቆሮ ላምጣ ብሎ ወጣ። መኪና ላይ ሲጭኑት ያየች ጎረቤት መጥታ ነገረችን።

እማዬ ወለሉን ስትወለውል የጠመኔውን መስመር እየዘለለች ነበር። ቢሆንም በእግራችን ጠፋ።

የዛሬውን ቆርቆሮ አጥቤ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። ልጄ «ምን ያደርግልሻል?» አለኝ።

ግርማ ቀጭን ነው፤ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። አብሮት የሠለጠነ ወይም የዘመተ ሰው ካለ፣ ሞቶም ቢሆን እባካችሁ ንገሩኝ።