ፊደሉ የሚቆምበት መነጽር

ይህ የሆነው አምና፣ የሽንኩርት መስኖ በተጧጧፈበት ወቅት ነው። የግቢያችንን በር ባየሁ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ልጽፈው ወሰንኩ።

የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው፤ የውኃ መሳቢያ ሞተር እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ የተበላሸ ሞተር እየፈታሁ፣ እየገጠምኩ ለመድኩት። ማንበብም የቻልኩት እንዲሁ ነው፣ ካደግሁ በኋላ፣ በራሴ። ስለዚህ በትምህርት ነገር ቀልድ አላውቅም። ከመጽሐፍ የሸሸ ሰው ከራሱ ሸሸ ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም ለልጆቼ እስኪሰለቻቸው ድረስ ነግሬያቸዋለሁ።

የመጨረሻዋ ልጄ ዘሀራ አምና ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ድሮ መጽሐፍ ከእጇ የማይለይ ልጅ ትንሽ አንብባ ግንባሯን መያዝ ጀመረች። አንድ ቀን ለእናቷ፣ ከፈተናው በኋላ ትምህርቱ ይበቃኛል፣ ካራቆሬ ሄጄ ከአክስቴ ጋር ሱቅ እሠራለሁ ስትል ሰማኋት። ያን ቀን የፈታሁትን ሞተር መልሼ መግጠም አቃተኝ።

በዚያው ሰሞን መነጽሬ እየጠፋ አስቸገረኝ። ቅርብ ያለ ነገር ያለ መነጽር አይታየኝም። ከገበያ የገዛሁት ነው፤ ከመፍቻዎቹ ጋር የጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ሌባ ቢገባ መፍቻ ትቶ መነጽር አይወስድም። አንድ ቀን ከሰዓት ሳላስበው ቤት ስገባ ዘሀራ ጓሮ ከፓፓያው ጥላ ሥር ተቀምጣ ታነባለች። መነጽሬ አፍንጫዋ ላይ ነው።

ተቆጣሁ። የሽማግሌ መነጽር የልጅ ዓይን እንደሚያጠፋ አታውቂም ወይ አልኳት። አውልቃ በሁለት እጇ ሰጠችኝና፣

«አባ፣ እሱን ሳደርግ ፊደሉ ይቆምልኛል» አለች።

ቃሏ አብሮኝ ዋለ። በማግስቱ ከተማችን ወዳለ አንድ የዓይን ክሊኒክ ወሰድኳት። እውነቱን ለመናገር፣ የወሰድኳት እዚያ ያለው ባለሙያ ቆጣ እንዲላት ነበር።

ባለሙያዋ ከሌላ ከተማ ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። ዘሀራን ከግድግዳው ራቅ አድርጋ ፊደል አስነበበቻት። ልጄ እስከ መጨረሻዋ ትንሽ መስመር ድረስ አነበበች። እኔም ደስ ብሎኝ፣ አየሽ፣ ዓይንሽ ጤነኛ ነው አልኩና የመነጽሩን ነገር እንደ ክስ አቀረብኩ። ባለሙያዋ መጻፏን አቆመች።

«ጋሼ፣ በእርስዎ መነጽር ነው የምታነበው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው የምርመራውን ግማሽ እሷ ራሷ ሠርታልናለች።»

ደቃቅ ፊደል ያለበት ካርድ ወደ ዘሀራ ፊት ቀስ እያለች አስጠጋች፤ ሲደበዝዝብሽ ንገሪኝ አለቻት። በእሷ ዕድሜ ገና ጥርት ብሎ መታየት ያለበት ቦታ ላይ ደበዘዘባት። ከዚያ የመነጽር መስታወት ዓይኗ ላይ እያደረገችና እያወጣች አስነበበቻት። በአንዱ ወዲያው ይጠራላታል፤ በሌላው ግን ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ትታገላለች። ጠብታም ጨምራ የተደበቀ ሌላ ችግር እንደሌለ አጣራች።

ቅርብ ስናይ የዓይናችን ሌንስ መወፈር አለበት፤ ያንን የሚያሠራው ጡንቻ በዘሀራ ቶሎ ይዝላል አለችኝ። ታዲያ ሩቁን እንዴት አነበበች አልኳት። ሩቅ ሲታይ ጡንቻው ያርፋል አለች። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሲነሳ ደህና ሆኖ ጭነት ሲይዝ የሚንቀጠቀጥ ሞተር ስንቱን አይቻለሁ። የእኔስ ብዬ ስጠይቃት ሳቀች። የእርስዎ ሌንስ በዕድሜ ደርቋል፣ ልምምድ አይመልሰውም፤ የእሷ ጡንቻ ግን ሊመለስ ይችላል አለችኝ።

ለንባብ በልኳ መነጽር አዘዘችላት። ልምምድም ሰጠቻት፦ አንድ ፊደል በእጅ ከያዘችው ካርድ፣ አንድ ፊደል ከሩቅ፣ እያንዳንዱ እስኪጠራ እየጠበቀች እንድታነብ። የሩቁን ፊደል የግቢያችን በር ላይ በጠመኔ ጻፍኩ። ባዶ ፊደል መደርደር ብክነት ስለመሰለኝ ምክር አደረግሁት፦ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»። ካርዱም ላይ እሱኑ አሳንሼ ጻፍኩ። ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታችን ሰይድ ቆም ብሎ አነበበና፣

«ጋሼ ኑሩ፣ ጥገናውን ትተው እንቁላል ጀመሩ እንዴ?» አለኝ።

ዘሀራ በየቀኑ ሳትሳሳት ትወጣዋለች። ኮራሁባት። ግን ራስ ምታቷ አልቀነሰም። አንድ ቀን ፊቷን ሳስተውል ፊደሉን እየጠራች የምታየው የጎረቤት ፍየል ነው። ምክሬን በቃሏ ይዛዋለች፤ ዓይኗ ምንም አልሠራም። እሷ ስትስቅ እኔም ሳቅሁ። ልጄ ፊት እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ተረቱን አጥፍቼ ፊደሉን አዘባረቅሁት። ትርጉም የሌለው ነገር ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነበር። ካርዱን የምይዝላት እኔ ሆንኩ። ወራት ፈጀ፤ አንዳንድ ቀን ታኮርፍ ነበር። ቀስ በቀስ ግን የምታነብበት ጊዜ ረዘመ፣ ራስ ምታቱም ተዋት። የካራቆሬው ሱቅ ወሬ ሳይነሳ ቀረ። ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ አልሐምዱሊላህ።

አምና የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን በጨረሰች ማግስት ጠዋት መነጽሬን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ፤ ዘሀራ ስፈልግ አይታኝ ወደ ግቢ ወጥታለች። እሷን ልጣራ ብዬ ደጃፍ ስወጣ የተዘባረቀው ፊደል ከበሩ ጠፍቷል። በምትኩ ያለ መነጽር ከሩቅ እንዳነበው አድርጋ በትልልቁ ጽፋለች፦

«አባ፣ መነጽርዎ ግንባርዎ ላይ ነው። እኔ አልወሰድኩም።»

እጄን ወደ ግንባሬ ሰደድኩ። እዚያው ነው።

ጽሑፉን እስካሁን አላጠፋሁትም። ዝናብ ሲያደበዝዘው ጠመኔ ይዤ እወጣና በላዩ ላይ እደግመዋለሁ።